አጥንቱ ድኖ ያመማቸው ወጌሻ

የእማማ ዘሀራን ማረፍ የሰማሁት መቂ ላይ ሽንኩርት እያስጫንኩ ነው። ጫኞቹ ኢሱዙዬ ላይ ወጥተው ጆንያ ይደረድራሉ፤ እኔ ጥላው ስር ተቀምጬ ሐብሐብ እበላለሁ። ስልኬ ጠራ፤ ሃዊ ናት። ሃዊ አዳማ የምትሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት፤ ስለ እሷ በኋላ አወራለሁ።

«ታምሩ፣ እማማ ዘሀራ ዛሬ ጠዋት አረፉ» አለችኝ። «ሱብሒ ሰግደው ጋደም እንዳሉ ነው።»

ጫኞቹን ውረዱ አልኳቸው። ደላላው «ምን ሆነሃል? ግማሽ ተጭኖ?» ብሎ እየተቆጣ መጣ። የማን ለቅሶ እንደሆነ ስነግረው ቁጣውን ተወ። ከዚያ የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ ክርኑን አጠፍ ዘርጋ እያደረገ አሳየኝ። «ይቺን ያስገቡልኝ እሳቸው ናቸው። ሂድ፤ ጭነቱን በሌላ መኪና እልከዋለሁ» አለኝ።

አዳማ ስደርስ መንገዱ በሰው ተዘግቷል። ከወንጂ፣ ከሞጆ፣ ከመቂ የመጣ ሰው ነው። ወንዶቹ ቃሬዛውን እየተቀባበሉ ሲሄዱ ሳይ፣ ያን ቃሬዛ ከተሸከመው ትከሻ ስንቱ በእሳቸው እጅ ወደ ቦታው የተመለሰ እንደሆነ አሰብኩ። የእኔም አለበት። እኔ ግን እማማ ዘሀራን ሳስብ ቶሎ የሚመጣብኝ የጠገኑት አጥንት ሳይሆን አንድ ጊዜ የተሳሳቱት ስህተት፣ እሱንም ያቃኑበት መንገድ ነው።

የተዋወቅነው በትከሻዬ ነው። አዳማ ገበያ ቲማቲም ስናራግፍ ከመኪናው ላይ ወድቄ ወለቀ። ሰዎች ደግፈው እሳቸው ግቢ ወሰዱኝና ከኒም ዛፉ ስር ዱካ ላይ አስቀመጡኝ። እማማ ዘሀራ ቀጭን ናቸው፤ ሲያዩአቸው ዶሮ የሚይዙ አይመስሉም። ወሎ ተወልደው፣ በልጅነታቸው አዳማ መጥተው፣ እዚያው ያረጁ ሴት ናቸው። ሻርፓቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ክንዴን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ስምህ ማነው?»

«ታምሩ።»

«አገርህስ?»

«ደብረ ብርሃን።»

«እህ፣ ብርድ አገር! እናትህ አለች?»

«አለች።»

«ማን ትባላለች?»

«የሺ—»

«እመቤት» ብዬ አልጨረስኩትም፤ ትከሻዬ ቀጭ ብሎ ገባ። ጮኼ ሳልጨርስ እሳቸው ተነስተው እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። «የሺእመቤትን ሰላም በልልኝ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ እዚያው ሰፈር ቤት ተከራየሁ። ልጆቻቸው ሩቅ ስለነበሩ መኪና ሲያስፈልጋቸው የሚጠሩት እኔን ሆነ። ሥራቸውን ብዙ ጊዜ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ቆዳው የተቀደደ፣ ደም ያለበት ስብራት ከመጣ አይነኩም፤ «ደም ካየሁ የለሁበትም፤ ሐኪም ቤት!» ብለው ባጃጅ ያስጠራሉ። ወለምታና ውልቃት ግን የእሳቸው ነው። ጣታቸው አጥንቱን ሲፈልግ ዓይናቸው የሰውየውን ፊት ያያል። አንድ አባባል ነበራቸው፦ «አጥንት አይዋሽም፤ የሚዋሸው ሰው ነው።» ዳስሰው መግጠሙን ካወቁ «ድነሃል፣ ተነስ» ነው። የዳነ ሰው ሲያቃስት መስማት አይወዱም፤ ይቆጣሉ። ያች አባባል ናት አንድ ቀን ያሳሳተቻቸው።

ገመቹ የሚባል የቡልቡላ በቆሎ ነጋዴ ነበር። ጆንያ ተደርምሶበት እግሩ ተሰብሮ፣ ሐኪም ቤት ጀሶ ታስሮለት ድኗል። ጀሶው ከተፈታ ወራት ቢያልፉም ህመሙ አለቀቀውም። ሚስቱ ጫልቱ ስለ እማማ ዘሀራ ሰምታ ስለነበር፣ ሁለቱንም በእኔ መኪና አዳማ አመጣኋቸው። በክራንች ነው የገባው። አንድ እግሩ ጫማ አለው፤ የታመመው ባዶ ነው።

ግቢው በተረኛ ተሞልቷል። እማማ ዘሀራ እግሩን ዳሰሱና «ድኗል» አሉ።

«እማማ፣ ያቃጥለኛል» አለ ገመቹ። «ካልሲ እንኳ አያስነካኝም። ነፋስ ሲነካው ያመኛል።»

«ነፋስ?» አሉ እማማ ዘሀራ። «ነፋስ ደግሞ መቼ ነው እግር የሰበረ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ ተቆጡ። «አጥንትህ እንደ ብረት ገጥሟል። ሚስትህ በቆሎ ትሸከማለች፣ አንተ ነፋስ ትፈራለህ! ሥራ ጠልተህ ነው። ተነስና ሂድ!»

ጫልቱ መሬት መሬቱን አየች። ገመቹ ክራንቹን አነሳ። እስከ ቡልቡላ ድረስ ጎኔ ተቀምጦ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ሄደ። ወሬው ግን ቀድሞት ገብቶ ኖሯል። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ሳልፍ ሰዎች «ነፋስ የሚፈራው ገመቹ» ሲሉት ሰማሁ። ልጆች በበሩ ሲያልፉ «ኡፍ!» እያሉ ይተነፍሱበታል።

ከዚያ ጥቂት ቆይቶ እማማ ዘሀራ ከባጃጅ ሲወርዱ አዳለጣቸውና የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ሐኪም ቤት ሄደው ጀሶ ታሰረላቸው። ሰፈሩ «ወጌሻዋ ጀሶ ለበሱ!» እያለ ቀለደ፤ እሳቸውም አብረው ቀለዱ። ቀልዱ የቆመው ጀሶው ሲፈታ ነው።

እጁ አበጠ፤ ቆዳው አብለጨለጨ። አንዳንዴ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፣ አንዳንዴ እንደ ፍም ይግላል። ለሌላው ሰው እንደሚያደርጉት ቅቤ ቀብተው አሹት፤ ባሹት ቁጥር ባሰበት። ሻይ መቅዳት አቃታቸው። ሰው የሚመጣበት ግቢ ባዶ ሆነ። ቀኝ እጃቸውን እንደ ጨቅላ ልጅ ደረታቸው ላይ ታቅፈው፣ ማንም እንዳይጠጋቸው ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብረን ውጭ ተቀምጠናል። የአዳማ ነፋስ አቧራውን አንስቶ በግቢው አለፈ። እማማ ዘሀራ እጃቸውን ይዘው ጮኹ። እኔ ዓይናቸው ውስጥ አቧራ የገባ መስሎኝ ተነሳሁ።

«ታምሩ» አሉ ሲረጋጉ፣ «ነፋሱ ነው።»

«አዎ፣ ዛሬስ በርትቷል።»

«አይደለም። ነፋሱ ነው ያመመኝ።»

ተያየን። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ሰው ነው፤ ስሙን ግን ማናችንም አልጠራነውም።

ራጅ ተነሱ። ሐኪሙ ፊልሙን ብርሃን ላይ አድርጎ አጥንቱ በደንብ መግጠሙን ነገራቸው። እማማ ዘሀራ በረጅሙ ተነፈሱ። «አጥንቱ አልዋሸም» አሉ። «እኔም አልዋሸሁም። ታዲያ ማነው የዋሸው?» ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነበር። «ማንም አልዋሸም እማማ። እንዳመመዎት አምናለሁ» ብሎ ወደ ሃዊ ላካቸው።

ሃዊ ገና ወጣት ናት። «አካም ጅርቱ፣ አዴ?» ብላ በአክብሮት ተነስታ ተቀበለቻቸው። እጃቸውን ልያዝ አላለችም፤ ሩቅ ሆና አየችው። ከዚያ ስለ አንጎል ስታወራ የእማማ ዘሀራ ፊት ተለወጠ።

«እጄን አሞኛል ብዬ ብመጣ ስለ ጭንቅላቴ ታወሪኛለሽ? አብደሻል ነው የምትይኝ?»

«በጭራሽ» አለች ሃዊ። «ህመምዎ እውነተኛ ነው። ግን የማንኛችንም ህመም የሚሠራው አንጎል ውስጥ ነው። ጣት እሳት ሲነካት መልእክት ትልካለች፤ ‹ይህ ያማል› ብሎ የሚወስነው አንጎል ነው። ሌባ የገባበት ግቢ ዘበኛ አይተው ያውቃሉ? ሌባው ከተያዘ በኋላም ድመት ባለፈች ቁጥር ይጮሃል።»

እማማ ዘሀራ አሰቡ። «እና ዘበኛዬ ነው ያበደው?»

«አላበደም፤ ፈርቷል። አጥንትዎ ድኗል፤ እሱ ግን ገና አላመነም። ህመም ሲቆይ አንጎልም ነርቩም ህመምን እየለመዱት ይሄዳሉ፤ ትንሽ ነገር ይበቃቸዋል፣ ነፋስም ይበቃቸዋል። የፈራ ደግሞ በቁጣ አይመለስም። ቀስ ብሎ ማለማመድ ነው።»

«በቁጣ አይመለስም» ብለው ደገሙት እማማ ዘሀራ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሃዊ ስልኳን አወጣች። የእጅ ፎቶዎች አሉበት፤ አንዱ ወደ ላይ የዞረ፣ አንዱ የተጠማዘዘ። «ይህ ቀኝ ነው ግራ? ቶሎ ይበሉኝ» አለቻቸው። እኔ እንኳ ከሩቅ እያየሁ እለያለሁ። እማማ ዘሀራን ግን ተደናገራቸው። «ቀኝ... አይ፣ ግራ... ቆይ።» የሚቀጥለውም እንደዚያው። ዕድሜ ልካቸውን የሰው እጅ ሲይዙ የኖሩ ሴት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በዳሰሳ የሚለዩትን፣ በዓይናቸው እያዩ አጡት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና እንባቸው መጣ።

«ያ አላህ፣ እጅ ጠፋብኝ እኮ!»

«አንጎል ውስጥ ለእጅዎ የተሰጠ ቦታ አለ» አለች ሃዊ። «እጅ ታሞ ሳይሠራ ሲቆይ ያ ቦታ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ለዚህ ነው የጠፋብዎት። ግን አንጎል እስከ መጨረሻው ይማራል። እርስዎም ይማራሉ።»

ስንመለስ መኪና ውስጥ «ታምሩ፣ ይቺ ልጅ ብታድነኝም ባታድነኝም፣ አምናኛለች» አሉኝ።

ሥራው ተጀመረ። መጀመሪያ ፎቶ መለየት፤ ቀጥሎ እጃቸው ሲከፈትና ሲዘጋ በሐሳብ ማየት ብቻ። ከዚያ መስታወቱ መጣ። ሃዊ መስታወት ጠረጴዛ ላይ አቁማ የታመመውን እጅ ከኋላው ደበቀችው፤ ጤነኛው ከፊቱ ሆነ። «መስታወቱን እያዩ ግራዎን ያንቀሳቅሱ» አለቻቸው። መስታወቱ ውስጥ ያለው የግራ እጃቸው ምስል ነው፤ ለሚያየው ግን የቀኝ እጃቸውን ይመስላል። ያ እጅ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አነሳ፤ አንዳችም ህመም የለም። እማማ ዘሀራ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «ሱብሃነላህ! እየው እየው፣ ይኸው ይንቀሳቀሳል! ሳይጮህ!» እኔን በግራ እጃቸው እየጎሸሙ እንደ ሕፃን ሳቁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቃቸው ነው።

በአንድ ቀን አልዳኑም። ቤታቸው ጥጥ፣ ሐር ሻርፕ፣ በኋላ ደግሞ ከኔ የተወሰደ የሽንኩርት ጆንያ ተቀመጠ፤ ከለስላሳው ጀምረው እጃቸውን ያስነኩታል። ያገገሙ ሲመስላቸው ወንድማቸው ሞተና ሁሉም ነገር ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ጥጡ እንኳ አቃጠላቸው። ያኔ ቤት የሚለማመዱበትን መስታወት ሊሰብሩት አንስተው ነበር። መልሰው አስቀመጡት። «ዘበኛው ደነገጠ እንጂ አልሞትኩም» ብለው ከጥጡ እንደገና ጀመሩ።

አንድ ጠዋት ከመኪናዬ ስወርድ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ፈራሁ።

«ጨብጠኝ!»

በጣቴ ጫፍ ነካኋቸው።

«ጨብጠኝ እልሃለሁ! በደንብ!»

ጨበጥኳቸው። ፊታቸው ትንሽ ኮሰተረ፤ እጃቸውን ግን አልሳቡም። «ያማል» አሉ ፈገግ ብለው፣ «ግን እንደ ድሮው አይደለም። ነገ ወዴት ነህ?»

«መቂ።»

«ከመቂ አልፈህ ቡልቡላ አድርሰኝ።»

ገመቹ በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ክራንቹ ግድግዳው ላይ፣ ባዶ እግሩ ዱካ ላይ። ጫልቱ ጆንያ ታሰናዳለች። እማማ ዘሀራን ሲያይ ሊነሳ ሞክሮ ተወው። ይግቡ አላላቸውም።

እማማ ዘሀራ ፀሐዩ ላይ ቆሙ። «ገመቹ፣ አውፍ በለኝ» አሉ። ይቅር በለኝ ማለታቸው ነው።

ገመቹ ባዶ እግሩን በእጁ አመለከተ። «እግሬንስ ሐኪም ጠግኖት ነበር» አለ። «እርስዎ ስሜን ሰበሩት።»

«አውቃለሁ። ነፋስ ያማል። ወላሂ ያማል! አሞኛል።» ቀኝ እጃቸውን ከሻርፓቸው ስር አውጥተው አሳዩት፤ ቆዳው ገና ቀለሙን አልያዘም። ገመቹ እጁን አየና የዚያን ዓይነት ቆዳ እንደሚያውቀው ፊቱ ላይ ታየ።

እማማ ዘሀራ ወደ ጫልቱ ዞሩ። «ልጄ፣ ባልሽ አልዋሸም። ያላወቅሁት እኔ ነኝ።»

ጫልቱ ጆንያውን ለቀቀችው። በሻሿ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች፤ እሷም አላመነችውም ነበርና። ገመቹ እማማ ዘሀራን ትቶ ሚስቱን ሲያያት ቆየ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ «ታዲያ አሁን ምን ይደረግ?» አለ።

«ከእኔ ጋር ና። የምታምንህ ልጅ አለች።»

ገመቹ አዳማ እማማ ዘሀራ ቤት ከረመ። ሃዊ እግሩን እንደ እጃቸው አድርጋ አከመችው፤ የእግር ፎቶ፣ መስታወት፣ ጥጥ፣ ጆንያ። እሱ ሲቸኩልና ሲናደድ፣ ያ ቁጡ የነበረው የእማማ ዘሀራ አፍ «ቀስ፣ ልጄ፣ ቀስ» ብቻ ሆነ። ካልሲ አድርጎ የዋለ ቀን እማማ ዘሀራ መንገድ ወጥተው «ካልሲ አደረገ! ካልሲ አደረገ!» እያሉ ጮኹ፤ የማያውቁን የባጃጅ ሾፌሮች ሁሉ ቆመው አዩን። ጫማው ከካልሲው በኋላ መጣ። ክራንቹ መጀመሪያ ሁለት የነበረው አንድ ሆነ፣ ከዚያ ቀረ። ሃዊ ህመሙ እንዴት እንደሆነ ስትጠይቀው «አለ፤ ግን አለቃዬ አይደለም» አላት።

ከዚያ ወዲህ ግቢያቸው ሌላ ሆነ። እማማ ዘሀራ ውልቃት ማስገባታቸውን ቀጠሉ፤ አጥንቱ ድኖ «ያመኛል» የሚለውን ሰው ግን ከዱካው አያስነሱትም። መጀመሪያ «አምንሃለሁ» ይሉታል፤ ቀጥሎ ወደ ሃዊ ይልኩታል። ስንት ዓመት ወገቡን ሲያመው ሰነፍ የተባለ ሰው፣ ያችን አንድ ቃል ሰምቶ ኒም ዛፉ ስር ሲያለቅስ አይቻለሁ።

ገመቹ ወደ አገሩ የሚመለስበት ቀን ሲደርስ እማማ ዘሀራ የገበያ ቀን እንዲሆን አደረጉ። «በሰው ፊት ነው ያዋረድኩት» አሉኝ፣ «በሰው ፊት ነው የምመልሰው።» ከአስፋልቱ ዳር አወረድኳቸውና መኪናዬን አቁሜ ተከተልኳቸው። ገመቹ ሁለቱንም ጫማ አድርጎ፣ ትንሽ እያነከሰ፣ በበቆሎ ተራው መሐል ገባ። ሰው ከሚዛኑ ቀና እያለ ያየው ጀመር። አንድ ነጋዴ፣ ድሮ ጓደኛው የነበረ፣ እየሳቀ «ገመቹ፣ ዛሬ ነፋስ የለም እንዴ?» አለ።

እማማ ዘሀራ ቆሙ። ያን ቀጭን አካል ያየ ሰው ያ ድምፅ ከየት እንደወጣ አያውቅም።

«ስሙኝ!» አሉ። «የአዳማዋ ወጌሻ ዘሀራ ነኝ። ይህን ሰው ሥራ ጠል ያልኩት እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው! አጥንት ከዳነም በኋላ ሰው ያመዋል፤ ነፋስ ሲነካውም ያመዋል። እኔንም አሞኝ አልቅሻለሁ። እሱ ያን ህመም ብቻውን፣ እናንተ እየሳቃችሁበት ቻለው። ይኸው በእግሩ መጥቷል!»

ነጋዴው ባርኔጣውን አወለቀና መጥቶ ገመቹን በሁለት እጁ ጨበጠው። «ዲፋማ፣ ገመቹ። ይቅር በለኝ» አለ። ከሽንኩርት ተራው አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌላዋ ተቀበለቻት፤ ከዚያ የገበያው ሴቶች ሁሉ። እማማ ዘሀራ ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ ነፋሱ እየነካው፣ እልል እያሉ ከፊት ሄዱ።

ጫልቱ ቤቷ ሆና እልልታውን ሰምታ በር ላይ ወጥታ ነበር። ባሏ ያለ ክራንች በመንገዱ ሲመጣ አየችው። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ገመቹ ግን በሩ ጋ ሲደርስ አልገባም፤ ሰላም ብሏት አለፈ።

«ገመቹ! ወዴት ነው?»

«እስከ ማሳው ድረስ!» አለ ዞር ሳይል። «መሄድ አልጠገብኩም!»

ጫልቱ በሩን እንደተከፈተ ተወችው። እንዲያ ሲያነክስ እንኳ ፈጥኖ ነበርና፣ ልትደርስበት መሮጥ ነበረባት።